ቢጫ ካርዱንም አትርሱ፣ ባሕሩንም አትናቁ

እህቴ በአንዱ የባሕረ ሰላጤ አገር መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ዓመታት ሦስት ጊዜ ለዕረፍት አዲስ አበባ መጥታ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሳታርፍ ተመልሳለች። ነገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ገና ከቦሌ ስትወጣ ሻንጣዋ በዓይን ይመዘናል። በማግስቱ የአክስታችን ልጅ ለሱቅ መነሻ፣ ጎረቤት ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዕድሩ ለድንኳን ይጠይቃል። እምቢ ብትል ስም ይወጣላታል፣ እሺ ብትል ኪሷ ይራቆታል። ባለፈው ክረምት ደውላ፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ አገር ቤት አልመጣም። አንተና እማዬን ማንም የማያውቀን ቦታ ላግኛችሁ» አለችኝ።

ማንም የማያውቀን ቦታ ፍለጋው በዚህ ተጀመረ። ግማሹን ወጪ እሷ፣ ግማሹን እኔ በደረሰኝ ዕቁብ ልንሸፍን ተስማማን።

የእኛን ፓስፖርት ይዞ ቪዛ ሳይለምኑ የሚገቡበት አገር ብዙ እንዳልሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ሲሼልስ ግን የየትኛውንም አገር ዜጋ ቪዛ አይጠይቅም። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ 115 ደሴቶች ናቸው፤ ሕዝቡ በጠቅላላ ከአንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ያንሳል። ከቦሌ በቀጥታ በረራ አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ከእህቴ አገርም በረራ አለ። እማዬ ለጎረቤቶቿ «ውኃ ቦታ ልሄድ ነው» ብላ ተሰናበተች። አልዋሸችም።

እንግዲህ እኔ ተደናብሬ የተማርኩትን እናንተ ሳትደናበሩ እንድታውቁት ልጻፈው።

«ቪዛ የለም» ማለት «ወረቀት የለም» ማለት አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማመልከት አለባችሁ። ለዚህም ፓስፖርት፣ የመመለሻ ቲኬትና የተረጋገጠ ማደሪያ ያስፈልጋል፤ ክፍያም አለው። ማደሪያ ስል ለምትቆዩበት ሌሊት ሁሉ ነው። እኔ የአገሬን ልማድ ይዤ «የመጨረሻዎቹን ሦስት ሌሊቶች እዚያው ደርሰን እንፈልጋለን» ብዬ ነበር። አይሆንም። ሲመሻሽ ደርሶ አልጋ መጠየቅ በዚያ አገር አይሠራም።

ባንክ ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ ገጠመኝ። ለተጓዥ የሚሸጠውን የውጭ ምንዛሪ ልገዛ ብሄድ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቱን ገልብጣ ገልብጣ «ቪዛው የታል?» አለችኝ። ቪዛ የማይጠይቅ አገር ነው ብላት አላመነችኝም። አለቃዋን ጠራች፤ አለቃዋም ሌላ አለቃ ጠራ። የጉዞ ፈቃዱን ወረቀት አትሜ በማግስቱ ስመለስ ነው ነገሩ ያለቀው። ስለዚህ ፈቃዱን ቀድማችሁ አውጡ፣ አሳትሙ፣ ከዚያ ባንክ ሂዱ። ዩሮም ሆነ ዶላር እዚያ በቀላሉ ወደ አገሩ ሩፒ ይመነዘራል።

ሦስተኛው ቢጫ ካርዱ ነው። አገራችን የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች መዝገብ ውስጥ ስላለች፣ ከዚህ ለሚነሳ ሰው የክትባት ማስረጃ ግዴታ ነው። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ግን ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም አቀፉ ደንብ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የዱሮ ካርዳችሁ አሥር ዓመት አለፈው ብላችሁ አትጣሉት። የእማዬን ዕድሜ ያየ ሐኪም ግን ከመውጋቱ በፊት ብዙ ጠየቃት፤ ስድሳ ዓመት ያለፈውን ሰው በጥንቃቄ ነው የሚያዩት። ወላጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

ስለ ሻንጣ ብዙ አልልም። እማዬ ቋንጣ፣ ቅቤና ሽምብራ አዘጋጅታ ነበር፤ የደሴት አገር ደግሞ የሥጋና የዘር ነገር ላይ ጥብቅ ነው፣ ከቤት አስወጣሁት። በርበሬና ዳቦ ቆሎ ይዘን ሄድን፤ ሲጠይቁንም አሳየን። የኤሌክትሪክ መሰኪያው እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት እግር ነው፤ የእኛ ቻርጀር አይገባም፣ ማገናኛ ከዚህ ግዙ። መኪናው በግራ ነው የሚሄደው፤ መንገድ ስታቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። እኔ ሁለቴ ተሰደብኩ፣ ምን እንዳሉኝ ግን በክሪዮል ስለሆነ አልገባኝም።

የሄድነው ፍልሰታ ተፈትቶ ነሐሴ 18 ቀን ነው። እኛ ጋ ዝናብ ሲያንጎደጉድ እዚያ ደረቁና ነፋሻው ወቅት ነው፤ ሙቀቱም የሚቻል ነው። ትልቁ ዝናባቸው ከታኅሣሥ እስከ ጥር ይወርዳል። ወባ የለም፤ ትንኝ ግን አለ፣ ማታ ማታ ቅባት ተቀቡ። የፀሐዩን ቅባት ደግሞ «ለነጭ ነው» አትበሉ። እኔ ብዬ ሁለተኛው ቀን ላይ የትከሻዬ ቆዳ ተላጠ። እማዬ ግን ከቤት ያመጣችውን ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ ስለምትሄድ ከሦስታችን በደህና የተመለሰችው እሷ ናት።

ፓስፖርታችን ላይ የተመታው ማኅተም የኮኮ ደ ሜር ፍሬ ቅርጽ አለው። ኮኮ ደ ሜር በተፈጥሮ የሚበቅለው በፕራሊንና በጎረቤቷ ኩሪዩዝ ደሴት ብቻ ነው፤ ከዕፅዋት ዓለም ትልቁ ዘር ሲሆን አንዱ እስከ 25 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ለመብሰል ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ቅርጹ ምን እንደሚመስል ጋዜጣ ላይ አልጽፍም። በዩኔስኮ መዝገብ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው በቫሌ ደ ሜ ጫካ አስጎብኚው ፍሬውን አንስቶ ለእማዬ ሲያሳያት፣ ነጠላዋን ወደ አፏ አድርጋ «በስመ አብ!» አለችና ዞረች። እህቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዓመቴ ነው! ፍሬውን ገዝቶ ለመውጣት የመንግሥት ፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ያለ ወረቀት የሚሸጥላችሁን ሰው እለፉት።

ኑሮው ውድ ነው፤ ልደብቃችሁ አልችልም። ብዙው ዕቃ በመርከብ ከውጭ ስለሚመጣ ቲማቲም እንኳ ሲገዛ ያስደነግጣል። ያዳነን ወጥ ቤት ያለው የእንግዳ ማረፊያ መያዛችን ነው። ቪክቶሪያ ገበያ ጠዋት ሄዳችሁ ዓሣ ግዙ፣ እቤት አብስሉ። ማብሰል ሲያስጠላ ደግሞ የአገሬው ሰው ምሳውን የሚገዛባቸው «ቴክአዌይ» የሚባሉ ትንንሽ ቤቶች አሉ፤ ሩዝ፣ የዓሣ ወጥና ምስር በካርቶን ይሰጧችኋል። ምስሯ ረቡዕና ዓርብ ለእማዬ ሆነች፤ በበርበሬ አሻሻለቻት። ታክሲ ውድ ነው፤ በማሄ ደሴት አውቶቡስ ርካሽና ጥሩ ነው፣ እሑድ ግን ብዙ አትጠብቁት። የባሕር ዳርቻዎቹ ደግሞ የሕዝብ ናቸው፤ ሀብታም ሆቴል ፊት ለፊት ያለውም ቢሆን አሸዋው ላይ መቀመጥ መብታችሁ ነው።

ከማሄ ወደ ፕራሊን በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በነሐሴ ነፋስ ያ ሰዓት ረጅም ነው። የማቅለሽለሽ ኪኒን ከመሳፈር በፊት እንጂ ከጀመራችሁ በኋላ አይሠራም፤ ከታችና ከኋላ ተቀመጡ። ከፕራሊን ወደ ላ ዲግ የሚወስደው ግን ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ላ ዲግ ሰው ሁሉ በብስክሌት የሚሄድባት ትንሽ ደሴት ናት። ዝነኛው ዳርቻዋ በግዙፍ ለስላሳ ድንጋዮች የታጠረው አንስ ሱርስ ዳርዣን ነው፤ ከፊቱ ኮራል ስላለ ውኃው ጥልቀት የለውም። እዚያው መንገድ ላይ ከአልዳብራ ዝርያ የሆኑ ትልልቅ ኤሊዎች አሉ። አንዱ ዕድሜው ከመቶ ሊያልፍ እንደሚችል ስነግራት እማዬ ጃንጥላዋን አጥፋ እጅ ነሳችው።

በሦስተኛው ቀን በደሴቱ ማዶ ወዳለው ግራንድ አንስ ሄድን። እማዬን በትንሽ መኪና አስወስደን፣ እኛ በብስክሌት። ስንደርስ የባሕሩ ድምፅ ሌላ ነው። ማዕበሉ ከሰው ቁመት በላይ ይነሳና ይፈርጣል። መግቢያው ላይ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አለ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ አላነበብኩትም። እህቴ በምትሠራበት ሆቴል ገንዳ ሌሊት ሌሊት መዋኘት ተምራለች። «አይዞህ ጋሼ፣ እችላለሁ» አለች። ከማዕበሎቹ መሐል አንድ ጸጥ ያለ፣ ጠቆር ያለ የውኃ መተላለፊያ አየችና «በዚህ በኩል ይሻላል» ብላ ገባች። እኔ በስልኬ እየቀረጽኳት ነበር።

መጀመሪያ የምትዋኝ መስሎኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ራሷ እያነሰ መጣ። ፊቷ ወደ እኛ ነው፣ እጆቿ ወደ እኛ ይቀዝፋሉ፣ እሷ ግን ወደ ውቅያኖሱ ትሄዳለች። አንዴ «ጋሼ!» ስትል ሰማሁ። እኔ መዋኘት አልችልም። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ውኃ እስከ ጉልበቴ ገብቼ መጮህ ብቻ ነው የቻልኩት። እማዬ ከኋላዬ ኪዳነ ምሕረትን ትጣራለች።

ከዛፎቹ ሥር የነበረ አንድ የደሴቱ ወጣት የማዕበል መንሸራተቻ ጣውላውን ይዞ ሮጠ። እየገባ በእንግሊዝኛ «ወደዚህ አትዋኚ! ወደ ጎን! ወደ ጎን!» እያለ ይጮሃል፣ በእጁም ያሳያታል። ሰማችው መሰለኝ መቅዘፏን አቆመች፤ ጥቂት ተንሳፈፈችና ወደ ጎን ዞረች። ጣውላውን አስይዞ፣ ራቅ ብሎ ማዕበሉ በሚፈርጥበት በኩል ወደ አሸዋው አወጣት።

ትንፋሹን ከሰበሰበ በኋላ ነገሩን አስረዳን። ማዕበል ወደ ዳርቻ የገፋው ውኃ ሁሉ መመለሻ ይፈልጋል፤ አንድ ጠባብ ቦይ ያገኝና እንደ ወንዝ ወደ ባሕር ይፈስሳል። ማዕበል የማይፈርጥበት፣ ጸጥ ያለ የሚመስለው ቦታ እሱ ነው። የማያውቅ ሰው ደህና ነው ብሎ የሚመርጠውም እሱኑ ነው። ወደ ታች አይጎትትም፣ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው፤ የሚገድለው ከእሱ ጋር ሲታገሉ የሚመጣው ድካም ነው። ስለዚህ ከያዛችሁ አትታገሉ፤ ተንሳፈፉ፣ ከዳርቻው ትይዩ ወደ ጎን ዋኙ፣ ጉልበቱ ሲለቃችሁ ተመለሱ። ካልቻላችሁ እጃችሁን አንሱና ጥሩ። እንደኛ ዋና የማታውቁ ከሆነ ደግሞ ከጉልበት አትለፉ። በነሐሴ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚመጣ በዚያ አቅጣጫ ያሉት ዳርቻዎች ናቸው የሚከፉት፤ በማሄ እንደ ቦ ቫሎን ያሉት በሌላው ወገን ያሉ ዳርቻዎች ያን ጊዜ የረጉ ናቸው። ወቅቱ ሲገለበጥ ይሄም ይገለበጣል። የማረፊያችሁን ባለቤት በየጠዋቱ «ዛሬ የትኛው ደህና ነው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ልጁ ገንዘብ ስሰጠው አልተቀበለም። እማዬ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ደንግጦ አነሳት። እህቴ የጨው ውኃ እያስታወከች በእማዬ ነጠላ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጥ ነበር። አንድም የቁጣ ቃል ከእማዬ አፍ አልወጣም። ማታ ግን እኔን ብቻዬን ጠርታ፣ «ሰሌዳው ላይ ምን ይላል?» አለችኝ። ነገ ሄጄ አነባለሁ አልኳት። ሄጄም አነበብኩ። ያ ወጣት የነገረን ሁሉ ተጽፏል።

ቪዲዮው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። አላጠፋሁትም፣ አላየሁትምም።

የቀሩትን አራት ቀናት ቦ ቫሎን ነበርን። እህቴ ሁለት ቀን ውኃው አጠገብ አልደረሰችም። በሦስተኛው እማዬ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች፣ ጣቷን ነክራ ቀመሰችና «እውነትም ጨው ነው!» አለች። ከዚያ እጇን ዘረጋችላት። ተያይዘው ቆሙ፣ ትንሿ ማዕበል እግራቸውን እያጠበች።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ እህቴ አሸዋው ላይ ምንጣፍ ዘርግታ እንቅልፍ ወሰዳት። እማዬ አጠገቧ ተቀምጣ በጃንጥላዋ ፀሐዩን ትከልልላታለች፤ ፀሐዩ ሲዞር እሷም ትዞራለች። የአገሩን ሲም ካርድ ኤርፖርት ላይ ገዝተን ኢንተርኔት ስለከፈትንባት፣ የእህቴ ስልክ ነዘረ። ሳየው ከአዲስ አበባ ነው፤ ያ ሱቅ መክፈት የሚፈልገው የአክስታችን ልጅ። ጥሪው ተቋርጦ እንደገና ጀመረ። ላነሳው ስል እማዬ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው፣ አየችው፣ ከነጠላዋ ሥር ከተተችው።

«ተኝታለች» አለችኝ።