ራዲየም ለምን ወደ አጥንት ይሄዳል?

በፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ሁለተኛ ዓምድ ላይ ስድስት የአልካላይን ኧርዝ ብረቶች ተደርድረው እናገኛለን፤ እነርሱም ቤሪሊየም፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ስትሮንቲየም፣ ባሪየምና ራዲየም ናቸው። በአንድ ዓምድ ያሰለፋቸው የእያንዳንዳቸው አቶም በውጫዊ ምሕዋሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች መያዙ ነው። ከላይ ወደ ታች በወረድን ቁጥር አቶሙ እየገዘፈ፣ ኤሌክትሮኖቹንም በቀላሉ እየለቀቀ ይሄዳል።

ይህ ዝምድና በሰውነታችን ውስጥም ይሠራል። አጥንታችን የሚጠነክረው በካልሲየም ውህዶች ነው። ራዲየም በጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል፣ ወደ ሰውነት ሲገባ ከፊሉ በካልሲየም ምትክ አጥንት ውስጥ ይሰፍራል፤ በዚያም ሆኖ ለዓመታት ጨረር ያመነጫል።

ማሪና ፒየር ኩሪ ራዲየምን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1898 ነበር። ከሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ በአሜሪካ ፋብሪካዎች የሰዓት ቁጥሮችን በጨለማ በሚያበራ የራዲየም ቀለም የሚቀቡ ወጣት ሴቶች የብሩሻቸውን ጫፍ በከንፈራቸው ያሾሉ ነበር። በ1920ዎቹ ከእነርሱ በርካቶቹ መንጋጋቸው እየበሰበሰ፣ አጥንታቸው እየተሰበረ ሞቱ።

ከኒውክሌር ፍንዳታ የሚወጣው ስትሮንቲየም 90ም የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። እንግዲያውስ አንድን ንጥረ ነገር ስናጠና በዓምዱ ከላይና ከታች ያሉትን ዘመዶቹንም እንመልከት፤ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ይጠቁሙናልና።