ወርቅ በሚታጠብበት አገር የተቀበረው ብር ነው

ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ አካባቢ ለቡና ችግኝ ጉድጓድ የሚቆፍር ገበሬ ዶማው ማሰሮ ሰብሮ የድሮ ገንዘብ ቢያወጣ፣ ገንዘቡ ወርቅ ሳይሆን ብር መሆኑን ሳያዩ መገመት ይቻላል። አካባቢው ወርቅ አጥቶ አይደለም። ከሚዛን በበበቃ የቡና እርሻ በኩል ወደ ዲማ የሚወርደው መንገድ ወርቅ አጣቢዎች የሚመላለሱበት ነው። ነገር ግን የዚያ አገር ወርቅ ከወንዝ አሸዋ በገበቴ የሚለይ ብናኝ ነው። የንጉሥ መልክ የታተመበት የወርቅ ሳንቲም መገበያያ የነበረው በሌላ ዘመንና በሌላ አቅጣጫ፣ በአክሱም ነው።

ከተቀበሩት የወርቅ ድልቦች በጣም የሚያስገርመኝ የደብረ ዳሞ ገዳሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ከመቶ የሚበልጡ የወርቅ ሳንቲሞች እዚያ ተገኙ፤ አንቶኒዮ ሞርዲኒ የተባለው ጣሊያናዊ አጥኚ ጽፎ አስታወቃቸው። አንዱም የአክሱም አይደለም። ሁሉም ዛሬ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ በምንለው ምድር የነገሡት የኩሻን ነገሥታት ያሳተሟቸው ናቸው፤ አብዛኞቹ የሁቪሽካ፣ የመጨረሻዎቹ የቫሱዴቫ። ድልብ መቼ እንደተሰበሰበ የሚታወቀው ከሁሉ ዘግይቶ በታተመው ሳንቲም ነው፤ ያ ሳንቲም ሳይታተም ድልቡ ሊቀበር አይችልምና። ቫሱዴቫ ወደ ሦስተኛው መቶ ዓመት መባቻ ይወስደናል። አቡነ አረጋዊ ገዳሙን መሠረቱ የሚባለው ግን በስድስተኛው መቶ ዓመት ነው። ስለዚህ ወርቁ ወይ ከመነኮሳቱ ቀድሞ እዚያ ነበረ፣ ወይ ሌላ ቦታ ለትውልድ ሲጠበቅ ኖሮ በኋላ መጣ። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። አንድም የአክሱም ሳንቲም አለመቀላቀሉ፣ የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ እ.ኤ.አ. በ270 ገደማ የራሱን ገንዘብ ማተም ሳይጀምር ድልቡ የተዘጋ ያስመስለዋል።

በብዛት የሚበልጠው ደግሞ ከባሕር ማዶ ወጣ። የመን ውስጥ፣ ከኤደን በስተ ምዕራብ፣ አል ማዳሪባ ከተባለ ቦታ 1,194 የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ። 326ቱ የሮም፣ 868ቱ የአክሱም ናቸው። ድልቡ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ከአክሱሙ ንጉሥ ከአፄ ካሌብ የየመን ዘመቻ ጋር ነው። የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ትንሽ ነው፤ መጀመሪያ 2.7 ግራም ገደማ ይመዝን የነበረው በኋላ ወደ 1.6 ወረደ። ንጉሡ በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ይታያል፤ ከበላዩ የነበረውን ጨረቃና ክብ ንጉሥ ዒዛና በመስቀል ተካው። ጽሑፉ በአብዛኛው ግሪክኛ መሆኑ ወርቁ ለውጭ ንግድ እንደታሰበ ያሳያል።

ያ ሁሉ ወርቅ ከየት መጣ? በስድስተኛው መቶ ዓመት የአክሱም ወደብ አዱሊስ የደረሰው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዢ በኩል ሳሱ ወደተባለ የወርቅ አገር ስለሚልካቸው ነጋዴዎች ጽፏል። ደርሶ መልሱ ስድስት ወር ይፈጃል። ነጋዴዎቹ የእሾህ አጥር አጥረው ይሰፍራሉ፤ በሬ አርደው ሥጋውን፣ ጨውና ብረቱን ከእሾሁ ላይ ያኖራሉ። ያገሩ ሰዎች መጥተው ግብጦ የሚያክል ወርቅ ከፈለጉት ዕቃ አጠገብ ያስቀምጡና ይርቃሉ። ነጋዴው ከወደደ ወርቁን ያነሣል፤ ካልወደደ ይተወዋል፣ እነሱም ይጨምራሉ ወይም መልሰው ይወስዳሉ። ቃል ሳይነጋገሩ ገበያው ያልቃል። ብዙ ሊቃውንት ሳሱን የሚያኖሩት በምዕራብ፣ በቤኒሻንጉልና በሱዳን ድንበር ግድም ነው። ወርቅ ሰጪው ጨውና ሥጋ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ ሳንቲም አይመለስለትም።

ደቡብ ምዕራብም ከዚህ ብዙ ያልራቀ ልማድ ነበረው። ካፋና አካባቢው ቡናውን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን እየሰጠ አሞሌ ጨው ይቀበል ነበር። ከዚያ ማርትሬዛ መጣ፤ ጠገራ ብር የምንለው። የኦስትሪያዋ ንግሥት መልክ ያለበት ይህ ብር 28 ግራም ይመዝናል። ነጋዴው በዓይኑ ያየዋል፣ በጣቱ ይዳስሰዋል፣ የንግሥቲቱን የዘውድ ዕንቁዎች ይቆጥራል፤ ካልጣመው አይቀበልም። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር፣ ቆይተውም ጥቂት የወርቅ ሳንቲም ቢያሠሩም ጠገራውን ከገበያ ማስወጣት አልቻሉም።

የአክሱምን ወርቅ መቶውን በአንድ መዳፍ መጨበጥ ይቻላል። መቶ ጠገራ ብር ግን ሦስት ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ይዞት መሮጥ አይመችም። ባንክ በሌለበት አገር ማሰሮና ጉድጓድ ባንክ ሆነው የኖሩት ለዚህ ይመስለኛል። መሮጥ የሚያስፈልግበት ዘመን ደግሞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1897 በምኒልክ ትእዛዝ የዘመተው የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የካፋውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ከማረከ ወዲህ፣ የባሪያ ፍንገላ ቤንችንና ማጂን ለብዙ ዓመታት አራቆተ። የቀበረውን ሳያወጣ የተወሰደ ወይም የተሰደደ ሰው እንደሚኖር መገመት አይከብድም። ጠገራው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ሕጋዊነቱን ቢያጣም፣ አንጥረኛ እጅ ገብቶ መስቀልና ጌጥ መሆኑን ቀጠለ።

የደብረ ዳሞው ዓይነት የቀን ስሌት እዚህ ላይ ይሰናከላል። ከእ.ኤ.አ. 1780 ወዲህ ማርትሬዛ በማንኛውም ዓመት ቢታተም የሚጻፍበት ያው 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት። አንድ ጠገራ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1850 ይሁን ጣሊያኖች በ1935 ሮም ያሳተሙት፣ ተራ ሰው ሊለየው አይችልም። ቀኑን የሚናገሩት አብረውት የተቀበሩት ናቸው፦ መሐላቸው የተገኘ የምኒልክ ብር፣ እንደ ዝርዝር ይከፈልበት የነበረ ጥይት፣ የተጠቀለለበት ጨርቅ፣ የማሰሮው አሠራር። ወርቅ አለ ብሎ በዲቴክተር ጎርጉሮ ሳንቲሙን ብቻ የሚያወጣ ሰው፣ የሚያጠፋው ይህንኑ ነው። ብሩን በአሸዋ ፈትጎ ማንጻትም ሌላ ጥፋት ነው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ ላስረከበውም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠውና ያወጣው ወጪ እንዲተካለት ይደነግጋል። ሚዛንም ሆነ ቴፒ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወረዳው ወይም ወደ ዞኑ የባህል ጽሕፈት ቤት ነው። ከተቻለ ጉድጓዱ እንዳለ ይቆይ፤ ማሰሮው ቢሰበርም ስብርባሪው ሁሉ ከብሩ ጋር አብሮ ይሂድ።