ነፋስ ሲነሳ የት ትጠጋለህ?

ቦንጋ ያደገ ሰው ነፋስ አያውቅም ብል የሚቆጣኝ የአገሬ ልጅ አይጠፋም። ግን እኛ በደንብ የምናውቀው ዝናቡን ነው። ነፋሱን ጫካው ይመክትልናል፤ ዛፍ ስር ጠጋ ማለት ነው፣ አለቀ። እኔም ይቺኑ ብልሃት ይዤ ጣና ላይ ወጣሁላችሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንዲት ልጅ ጋር (ስሟ ይቆይ) ባህር ዳር ሄድን። ዘጌን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ እዚያም እንደ ከፋ ቡናው የሚበቅለው በጫካ ጥላ ስር ስለሆነ ለልጅት አገሬን ያሳየኋት ያህል ተሰማኝ። ጀልባ ነጂው ጎልማሳ ገና ስንነሳ "ከቀትር በፊት እንመለስ፤ ከሰዓት ነፋስ አለ" ብሎን ነበር። እኔ ግን "ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱን" እያልኩ ዘጠኝ ሰዓት አስደረግኩት። ለልጅት ደግሞ "አትፍሪ፣ ዋና እችላለሁ" ብያታለሁ። አልችልም።

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 15 ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል፤ ማዕበሉ አጭርና ተደራራቢ ነው። መሀል ላይ ስንደርስ ጀልባዋ መዝለል ጀመረች። ያኔ ነው የመንሳፈፊያ ጃኬት የለበስነው። ፊት ለፊት ጫካ የለበሰች ደሴት ሳይ "እዚያ! ዛፉ ስር!" ብዬ ጮህኩ። ሰውየው ዞር ብሎም አላየኝ። ዳርቻውን በሩቁ አልፎ ደሴቷን ዞረ። ጀርባዋ ስንደርስ ውሃው ዝም አለ፤ ልክ በር እንደተዘጋ።

"ያልከው ቦታ ነፋሱ የሚገፋበት ነው" አለኝ መልህቁን እየጣለ። "ድንጋዩ ላይ ይፈጠፍጠን ነበር። ዛፍ አትይ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እይና መሬቱን በመሀላችሁ አድርግ።"

"ደንገሉ ውስጥ ብንገባስ?" አለች ልጅት።

"ደንገል ማዕበል ያበርዳል፤ ግን ጉማሬም ይወደዋል።"

ገመዱን ሲለቅ አየሁት፤ ከውሃው ጥልቀት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ለምን? ገመዱ ካጠረ መልህቁን ወደ ላይ ይነቅለዋል፤ ከረዘመ ግን በአግድም ስለሚስበው መሬቱን ይነክሳል። ከዚያ ዳር ላይ አንድ ዛፍና ከኋላው ያለ ቋጥኝ በአንድ መስመር እንድጠብቅ አዘዘኝ፤ ከተለያዩ ጀልባዋ እየተንሸራተተች ነው ማለት ነው። ነፋሱ ዞሮ ቢመጣ ደግሞ መጠጊያው ወጥመድ ስለሚሆን ሞተሩን ለማስነሳት እንደተዘጋጀ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያንን ዛፍ ስመለከት ቆየሁ። በፈተና እንኳ እንዲያ አፍጥጬ አላውቅም!

"ዋና ትችላለህ አይደል?" አለችኝ ድንገት።

ዛፉን እያየሁ "አልችልም" አልኩ።

ባህር ዳር ስንገባ መሽቷል። እጄን አልለቀቀችም፤ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትጠራኝ "ዋናተኛው" እያለች ነው።