ጊኒ ዎርም፦ ያለ መድኃኒትና ያለ ክትባት ሊጠፋ የተቃረበ በሽታ

ጊኒ ዎርም የሚያድን መድኃኒትም ሆነ የሚከላከል ክትባት የለውም። አንዴ የታመመ ሰው ሰውነቱ በሽታውን መቋቋም ስለማይለምድ በዓመቱ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1986 በ21 አገሮች 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይዞ የነበረው ይህ በሽታ፣ በ2024 በመላው ዓለም የተገኘው በ15 ሰዎች ላይ ብቻ ነው።

በሽታውን የሚያመጣው ትል እጮች የሚኖሩት በኩሬ ውሃ ውስጥ፣ በዓይን እምብዛም በማይታዩ የውሃ ቁንጫዎች ሆድ ነው። ሰው ውሃውን ሲጠጣ ቁንጫዎቹ ጨጓራ ውስጥ ይሞታሉ፤ እጮቹ ግን አንጀትን በስተው ይወጣሉ። ሴቷ ትል አንድ ዓመት ያህል ቆይታ፣ እስከ አንድ ሜትር ረዝማ፣ ብዙውን ጊዜ በእግር በኩል ቆዳ ቀዳ ብቅ ትላለች። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፤ ቦታው እንደ እሳት ስለሚለበልብ ሕመምተኛው እግሩን ኩሬ ውስጥ ይነክራል፣ ትሏም ውሃ ሲነካት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እጮች ትለቃለች።

ስለዚህ መከላከሉ ሁሉ ውሃው ላይ ያነጣጥራል። የመጠጥ ውሃን በጥቅጥቅ ጨርቅ ማጥለል ቁንጫዎቹን ያስቀራል፤ ለእረኛና ለመንገደኛ ደግሞ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ማጥለያ ቱቦ አለ። ኩሬዎች ላይ ቁንጫ የሚገድል ቴሜፎስ የተባለ ኬሚካል ይጨመራል። ብቅ ያለችው ትል በቀጭን እንጨት ላይ እየተጠቀለለች በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ትሳባለች፤ ከተበጠሰች ቁስሉ ስለሚያመረቅዝ መቸኮል አያዋጣም።

ከሁሉ የሚከብደው ሕመምተኛውን ውሃ ሳይነካ ማግኘት ነው። ለዚህ የመንደር በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ለጠቆመም የገንዘብ ሽልማት ይሰጣል። ጦርነት ባለበት ይህ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1995 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በሱዳን ያደራደሩት ስድስት ወር ገደማ የቆየ ተኩስ አቁም የጤና ሠራተኞችን ወደ መንደሮቹ አስገብቷል።

አሁን ሥራውን ያከበዱት እንስሳት ናቸው። በቻድ በሽታው በብዛት የሚገኘው በውሾች ላይ ነው። በጋምቤላ ክልል ጎግና አቦቦ ወረዳዎችም ውሾችን፣ ድመቶችንና ዝንጀሮዎችን ይይዛል። ውሻን ማሰር፣ እጭ ሊይዝ የሚችለውን የዓሣ ሆድ ዕቃም እንዳይበላው መቅበር ይቻላል። ዝንጀሮን ግን ማሰርም ማስተማርም ስለማይሆን፣ የሚጠጣባቸውን የጫካ ኩሬዎች እየፈለጉ ቴሜፎስ መጨመር ግድ ሆኗል።