ላሟ ልትነጥፍ ስትል

እንገር እሳት ላይ ሲጣድ እንደ እንቁላል ይረጋል። የዚያችው ላም ወተት ከሳምንት በኋላ ቢፈላ ግን አይረጋም። ምክንያቱ ፕሮቲኑ ነው። የመጀመሪያው እንገር ከመቶ 14 ገደማ ፕሮቲን ይይዛል፤ ትልቅ ክፍሉም ጥጃውን ከበሽታ የሚጠብቅ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠኑ ወደ 3 ተኩል ገደማ ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ለውጥ ቀስ ያለ ነው። ከወለደች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ወተቷ ይበዛል፣ ፕሮቲኑ ይሳሳል። ወራት አልፈው ወተቷ ሲቀንስ ደግሞ ፕሮቲኑ በመቶኛ ይጨምራል። ይህን ያየ አርቢ ልትነጥፍ የደረሰች ላም ወተት ለፎርማጆ የተሻለ ነው ቢል አይፈረድበትም። ፎርማጆ ሠሪው ግን አይስማማም።

ከላም ወተት ፕሮቲን 80 ከመቶ ያህሉ ኬሲን ነው። ማርጊያው ጨብጦ የሚያስቀረው እሱን ነው፤ የቀረው ፕሮቲን በአብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይፈስሳል። ላሟ ወደ መንጠፊያዋ ስትቃረብ በግቷ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት መጋጠሚያቸው ይላላል። በዚያ ክፍተት የደም ፕሮቲን ወደ ወተቱ ይሰርጋል፤ በወተቱ ውስጥ የፕላዝሚን ሥራም ይበረታል። ይህ ከደም የሚመጣ ኢንዛይም ኬሲኑን ይቆራርጠዋል። ስብርባሪው በምርመራ ፕሮቲን ተብሎ ይቆጠራል እንጂ አይጨበጥም። እርጎው ይልፈሰፈሳል፣ ፎርማጆው ውኃ ያዝላል።

በአየርላንድና በኒውዚላንድ አብዛኞቹ ላሞች የሚወልዱት ሣር በሚለመልምበት ጸደይ ነው። ስለዚህ በመኸር ወራት ፋብሪካው የሚቀበለው ወተት በሙሉ ማለት ይቻላል መንጠፊያቸው ከተቃረበ ላሞች የታለበ ይሆናል። በዚያው ወቅት ሣሩም ይከሳል፣ ላሞቹም እርጉዝ ናቸው። ታዲያ ወተቱን የለወጠው የአለባው ርዝመት ነው፣ ሣሩ ነው ወይስ እርግዝናው?

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት፣ ኤሊንባንክ በተባለ ቦታ የተደረገ ሙከራ ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ረድቷል። በግጦሽ የሚኖሩ ላሞች የሚጠቁበት ጊዜ እየዘገየ፣ አንዳንዶቹ 10 ወር፣ አንዳንዶቹ እስከ 22 ወር ታለቡ። አለባው የረዘመላት ላም ሁለተኛውን ጸደይ ሳትነጥፍ ታገኘዋለች፤ አዲስ ሣር ትበላለች፣ የእርግዝናው ጫናም ዘግይቶ ይመጣባታል። ግቷ በወራት ቁጥር ብቻ አይደክምም ማለት ነው። የሚያደክመው የመኖ እጥረት፣ የገፋ እርግዝናና የግት በሽታ ነው፤ በተለይ በሽታው ፕላዝሚኑን ያበረታዋል።

ስለዚህ ወተት ለፎርማጆ የሚያቀርብ አርቢ የሚቆጥረው ወር ብቻ መሆን የለበትም። ላሟ በቀን የምትሰጠው ወተት እጅግ ሲያንስ ማንጠፍ፣ ግቷ ያበጠውን ላም ወተት ለይቶ ማስቀረት፣ ሣሩ ሲከሳ መኖ መጨመር ያዋጣዋል። ገዢውም ፕሮቲኑ ስንት ነው ከማለቱ በፊት፣ ከዚያ ውስጥ ያልተሰበረ ኬሲን ስንቱ ነው ብሎ ይጠይቅ።