ደካማው ካርድ ምን ይጠቅማል?

ስትራት-ኦ-ማቲክ የተባለው የአሜሪካ የጠረጴዛ ቤዝቦል ጨዋታ እያንዳንዱን ተጫዋች በአንድ ካርድ ይወክላል። ካርዱም ተጫዋቹ በአንድ ዓመት ውስጥ በሜዳ ለሠራው ሥራ ምስክር ነው። ታዲያ ደካማ ካርድ ሲደርሰን «ይለወጥልን» የማንል ጥቂቶች ነን።

አሠራሩን እንመልከት። ሦስት ዳይሶች ይጣላሉ። የአንደኛው ቁጥር ከ1 እስከ 3 ከሆነ ውጤቱ ከመቺው ካርድ፥ ከ4 እስከ 6 ከሆነ ከኳስ ወርዋሪው ካርድ ይነበባል። የሁለቱ ድምር መስመሩን ያመለክታል። ስለዚህ የደካማው መቺ ዕድል እኩሌታው በተቃራኒው ወርዋሪ ካርድ ላይ ነው። ደግሞም 7 ከ36 ስድስት ጊዜ ሊወጣ ሲችል፥ 12 ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ12 ላይ የተጻፈ መልካም ውጤት ዓይንን ያታልላል።

የዲትሮይት ታይገርስ ተጫዋች ሬይ ኦይለር በ1968 እ.ኤ.አ. ከተቆጠሩለት 215 ሙከራዎች የተሳኩለት 29 ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ኳስ በመያዝ የተመሰገነ ስለ ነበር፥ ቡድኑ በዚያው ዓመት የዓለም ሲሪስን ሲያሸንፍ በጨዋታዎቹ ማብቂያ ላይ እየገባ ይከላከል ነበር። ካርዱም የመከላከል ችሎታውን ለብቻው ይመዝግባል። ደካማውን ካርድ በጊዜው የሚያወጣ ሰው እንግዲህ ይጠቀምበታል።

29ኙን 60 ብናደርግለት ኦይለርን አናከብረውም፤ ስድሳውን በላቡ ያገኘውን ሌላውን እንበድላለን እንጂ።