ፖዘቲቩ የትኛው ነው?

በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳማ ጠዋቶች አዲስ አበባ ውስጥ ከየግቢው የሚሰማ አንድ የታወቀ ድምፅ አለ፤ ቁልፍ ሲዞር «ቀጭ፣ ቀጭ» ብሎ ዝም የሚል መኪና። ብርዱ በባትሪው ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ሥራ ያዘገየዋል፣ የሞተሩንም ዘይት ያወፍረዋል። ስለዚህ ማታ ደህና የነበረ ደከም ያለ ባትሪ ጠዋት ሞተሪኖውን ማዞር ያቅተዋል። ያን ጊዜ ያለው አማራጭ ወይ ሰው ጠርቶ መግፋት፣ ወይ ከጎረቤት መኪና በኬብል ባትሪ መዋስ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ደግሞ ተገፍቶ ስለማይነሳ የሚቀረው መዋሱ ብቻ ነው።

ውድ አንባብያን፣ «የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ባትሪ ምን አገባው?» ትሉኝ ይሆናል። ያገባኛል። እኛ ቤት የሚበላው አጎቴ ከሚነዳት ሚኒባስ ታክሲ በሚገኘው ገንዘብ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ሚኒባሷ አልነሳ ስትል ሊረዳው የመጣ ሾፌር፣ ቀዩን ኬብል ቀይ ሽቦ ያየበት የባትሪ ጫፍ ላይ ሰካው። ያ ቀይ ሽቦ ግን ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው ሲጠግን ጥቁር አጥቶ ኔጋቲቩ ላይ ያሰረው ነበር። ብልጭታ፣ ጭስ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። ዋናው ፊውዝና ዲናሞው ሄዱ፤ ታክሲዋም ዘጠኝ ቀን ቆመች። ታክሲ ሲቆም ደግሞ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ ረዳቱም አብሮ ሥራ ፈት ይሆናል። ሾፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሊረዳ ነው የመጣው። ያመነው ግን ቀለምን ነው።

ለመሆኑ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚባሉት ምንድን ናቸው? ዛሬ በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ያለው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1859 ጋስቶን ፕላንቴ በተባለ ፈረንሳዊ ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ በውስጡ 6 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ በደንብ የተሞላ ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። በየክፍሉ ውስጥ በሰልፈሪክ አሲድ የተነከሩ ሁለት ዓይነት ሳህኖች አሉ። የፖዘቲቩ ሳህን የእርሳስ ዳይኦክሳይድ፣ የኔጋቲቩ ደግሞ ንጹሕ እርሳስ ነው። ከአናቱ ላይ ብቅ ያሉት ሁለት ጉጦች የእነዚህ ሳህኖች መውጫ ናቸው። ተርሚናል የምንላቸውም እነሱን ነው።

ሁለት ባትሪዎችን ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ስናገናኝ ቮልቱ እዚያው 12 ላይ ሆኖ ይተጋገዛሉ። ከተገለበጠ ግን ሁለቱ ባትሪዎች በአንድ አቅጣጫ እየተገፋፉ፣ በመካከላቸው ከኬብሉ በቀር ምንም የሚያግዳቸው ሳይኖር፣ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ያስሮጣሉ። በዲናሞው ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ኤሌክትሪክ በአንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፉ በሮች ናቸው፤ ሲገለበጥባቸው በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ይቃጠላሉ። ኮምፒውተር ያላቸው መኪኖች ላይ ጉዳቱ እስከዚያ ሊደርስ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ባትሪ ሲሞላ የሚተነው ሃይድሮጅን ነው። አንድ ብልጭታ ካገኘው ባትሪው ፈንድቶ አሲዱን ፊት ላይ ይረጫል። የታክሲ ዕቃ ሱማሌ ተራ ይገኛል፤ ዓይን ግን አይገኝም።

እንግዲህ እንዴት እንለይ?

አንደኛ፣ ራሱን ባትሪውን ማንበብ ነው። በእያንዳንዱ ተርሚናል አጠገብ በፕላስቲኩ ላይ የመደመር (+) ወይም የመቀነስ (−) ምልክት በፋብሪካው ተቀርጿል። ብዙ ጊዜ በአቧራና ተርሚናሉን በሚያለብሰው ነጭና አረንጓዴ ዝገት ይሸፈናል። በእጅ ሳይነኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ በባትሪ መብራት ማየት ነው። ዝገቱ ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንት ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ ውፍረታቸውን ማስተያየት ነው። ክብ ጉጥ ባላቸው በተለመዱት ባትሪዎች ላይ ፖዘቲቩ ከኔጋቲቩ በአንድ ወይም በሁለት ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ይህም የተደረገው ሆን ተብሎ፣ ማሰሪያዎቹ እንዳይቀያየሩ ነው።

ሦስተኛ፣ ሽቦውን ተከትሎ መድረሻውን ማየት ነው። ዛሬ በሚነዱት መኪኖች ከሞላ ጎደል በሁሉም የኔጋቲቩ ሽቦ አጭር ሆኖ ሞተሩ ወይም ሻንሲው ላይ ይታሰራል፤ የፖዘቲቩ ደግሞ ወደ ሞተሪኖውና ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ይሄዳል። አንዳንድ የድሮ የእንግሊዝ መኪኖች ግን በተቃራኒው ስለነበሩ ይህ ምልክት ብቻውን አይበቃም።

አራተኛ፣ ቴስተር ካለ በቀጥታ መለካት ነው። ቀዩን ጫፍ አንዱ ላይ፣ ጥቁሩን ሌላው ላይ አድርጎ ቁጥሩ ያለ መቀነስ ምልክት ከመጣ ቀዩ ያረፈው ፖዘቲቩ ላይ ነው። የመቀነስ ምልክት ከመጣ ተገልብጧል ማለት ነው። ቴስተር ከሌለ ደግሞ ድንችም ይሠራል! ድንቹን ለሁለት ከፍሎ፣ ከሁለቱ ተርሚናሎች የመጡ የመዳብ ሽቦዎችን ሳይነካኩ መሰካትና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ዙሪያው አረንጓዴ የሚሆነው የፖዘቲቩ ሽቦ ነው።

ማስረጃ የማይሆኑት ሁለት ናቸው። አንዱ ቀለም ነው፤ ሽቦን ማንም ይቀይረዋል፣ በእጁ ባገኘው ቀለም ይቀጥለዋል። ሌላው ቀኝና ግራ ነው፤ ፖዘቲቫቸው በቀኝ የሆነ ባትሪዎች አሉ፣ በግራ የሆነም አሉ። «የኔ መኪና ላይ በቀኝ ነው» ማለት ስለ ጎረቤት መኪና ምንም አይነግረንም።

ከለየን በኋላ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሁለቱም ባትሪዎች እኩል ቮልት መሆናቸውን እናረጋግጣለን፤ ትልልቅ የጭነት መኪኖች ብዙ ጊዜ 24 ቮልት ስለሆኑ ለቤት መኪና አይሆኑም። ሁለቱንም ሞተር እናጠፋለን፣ መኪኖቹም እንዳይነካኩ እናደርጋለን። ቀዩን ኬብል መጀመሪያ በደከመው፣ ቀጥሎ በደህናው ፖዘቲቭ ላይ እንቆነጥጣለን። ጥቁሩን በደህናው ኔጋቲቭ ላይ አድርገን፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ፣ ቀለም ባልተቀባ የሞተሩ ብረት ላይ እናደርገዋለን። የመጨረሻው ንክኪ ብልጭታ ስለሚያወጣ ከሃይድሮጅኑ ለማራቅ ነው። ደህናውን አስነስተን ጥቂት ደቂቃ ከጠበቅን በኋላ የደከመውን እንሞክራለን። ስንነቅል በተገላቢጦሽ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ «ይህ ሁሉ የድሮ ወሬ ነው» የሚል አይጠፋም። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ግን ከትልቁ ባትሪያቸው ሌላ አንድ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሷ ከደከመች መኪናው በሩን እንኳ ላይከፍት ይችላል። ብርቱካናማ ልባስ ያላቸው ወፋፍራም ሽቦዎች ከፍተኛ ቮልት ስለሚያስተላልፉ ፈጽሞ አይነኩም፤ መመሪያውን ሳያነቡም ከኤሌክትሪክ መኪና ለሌላ መኪና ባትሪ ማዋስ አይገባም።

ክፍል ውስጥ አንድን ወሬ በሁለት ምንጭ ሳናረጋግጥ እንዳንጽፍ እንማራለን። ኮፈን ሥርም ያው ነው። የሽቦው ቀለም የሰው ወሬ ነው፤ በባትሪው ላይ የተቀረጸው ምልክት ዋናው ምንጭ ነው፤ ውፍረቱ፣ የሽቦው መድረሻና ቴስተሩ ደግሞ ማረጋገጫዎች ናቸው። ሁለቱ ካልተስማሙ ኬብሉን አስቀምጦ የመኪና ኤሌክትሪሺያን መጥራት ነው። ጎረቤት «ቶሎ በል፣ ረፈደብኝ» ቢልም አንድ ደቂቃ ወስዶ መጥረግና ማየት ከዘጠኝ ቀን መቆም ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል።